«አፍሪካዊ ደም ስላለን ነው?» ስለ ጡት ካንሰር የቤተሰብ ውርስ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው።

«የምኖረው ደሴ ነው፤ 34 ዓመቴ ሲሆን ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። እናቴ በ41 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት በ44 ዓመቷ አረፈች። ኮምቦልቻ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ደግሞ ዘንድሮ በ47 ዓመቷ ያው ሕመም ተገኝቶባት ሕክምና ላይ ናት። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ገና ሳታረጅ ሆዷ ውኃ እየቋጠረ ሞተች ይባላል። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ አፍሪካዊ ደም ያላቸውን ሴቶች የሚይዛቸው መጥፎው ዓይነት ካንሰር እንደሆነና ጂኑም በደማችን እንዳለ አንብቦ ነገረኝ፤ መመርመሪያውን በፖስታ ልላክልሽ እያለም ይወተውተኛል። ነገሩ እውነት ነው? ልመርመር? ልጆቼስ?»

የተከበሩ ጠያቂ፣

እናትዎን ፈጣሪ በገነት ያኑርልዎ፤ ለአክስትዎም አፊያውን ይስጥልዎ። በደሴ ከተማ በቀዶ ሕክምና ሙያ የጡት ሕሙማንን ሳክም ስለቆየሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚመጣው «በቤታችን ያለ ይመስለኛል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ እርስዎ ዕድሜን ከዕድሜ፣ ዘመድን ከዘመድ ለይተው መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል። በደብዳቤዎ ውስጥ ቆም ብዬ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ስለ አያትዎ በጨረፍታ ያነሱትን ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አብራራለሁ። ከሁሉ በፊት መልሴን በግልጽ ላስቀምጥ። የእርስዎን አደጋ ለመገመት ከአፍሪካዊነትዎ ይልቅ የእናትዎ ቤት ታሪክ እጅግ የበለጠ ይነግረናል፤ በቤተሰቡ ውስጥ መጀመሪያ መመርመር የሚገባቸውም አክስትዎ ናቸው።

«ዘር» የሚለው ቃል በአገራችን ከሕክምና ውጭ ብዙ ሸክም የተጫነበት በመሆኑ በዚህ ምላሽ «የቤተሰብ ውርስ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ካንሰር ራሱ እንደ ርስት ከእናት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በካንሰር የመያዝን ዕድል ከፍ የሚያደርግ የጂን ጉድለት ነው። ከ100 የጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል እንዲህ ያለ ከባድ ጉድለት ይዘው የተወለዱት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። በቀሩት ላይ ጉዳቱ የሚደርሰው ከተወለዱ በኋላ፣ በዕድሜ ብዛትና በሆርሞን ሥራ፣ በጡት ውስጥ ባሉ ጥቂት ሕዋሳት ላይ ነው። እናት፣ እህት ወይም ልጅ አንዷ ታማ ከሆነ የሴትየዋ አደጋ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ሁለት የቅርብ ዘመዶች ከታመሙ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ከ9 የጡት ካንሰር ሕሙማን 8ቱ የታመመች እናት፣ እህት ወይም ልጅ የሌላቸው ናቸው፤ ስለዚህም በቤተሰቧ የታመመ የሌለ ሴት «እኔን አይመለከተኝም» ልትል አይገባም።

ጉድለቱ ምን እንደሚያበላሽ ለማስረዳት በአካባቢያችን ያለ ምሳሌ ልጠቀም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። አንድ የብራና ቅጠል ተቀድዶ መሐሉ ቢጠፋ ጠንቃቃ ጸሐፊ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ፈልጎ የጎደለውን ፊደል በፊደል ይገለብጣል፤ ችኩል ሰው ግን የተቀደዱትን ጠርዞች አገጣጥሞ ይሰፋቸዋል፤ ቅጠሉ ዳግም አንድ ቢሆንም መሐል የነበሩት ቃላት እንደጠፉ ይቀራሉ። በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. በሁለቱም ዘርፉ ሲበጠስ የጠንቃቃውን ጸሐፊ ሥራ ከሚሠሩት ዋነኞቹ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ጂኖች የሚያመርቷቸው ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዳችን ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ፣ በጠቅላላው ከየጂኑ ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ የተወለደ ሰው ሌላው እስከሠራለት ድረስ ጤነኛ ነው፤ በአንዲት የጡት ሕዋስ ውስጥ ያ የቀረው ቅጂ በአጋጣሚ የጠፋ ዕለት ግን ጸሐፊ አይኖርም፤ ስፌት ብቻ ይቀራል፤ ስሕተት በስሕተት ላይ እየተደራረበም ሕዋሷ ወደ ካንሰር ታመራለች። ይህ አጋጣሚ የግድ ላይመጣ ስለሚችል ጉድለቱን የወረሰ ሰው ሁሉ አይታመምም።

አሜሪካዊቷ የጄኔቲክስ ሊቅ ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣትነት የሚጀምር የጡት ካንሰር ከሚበዛባቸው ቤተሰቦች በሰበሰቡት መረጃ ጂኑ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ አሳዩ፤ በ1994 ብራካ 1፣ በ1995 ደግሞ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ብራካ 2 ተለይተው ታወቁ። በ2017 የታተመ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ጉድለቱን የተሸከሙ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው እስከ 80 ዓመት ዕድሜ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል ለብራካ 1 ተሸካሚዎች 72 በመቶ፣ ለብራካ 2 ተሸካሚዎች 69 በመቶ ነው። የተሳተፉት በአብዛኛው የአውሮፓ ቤተሰቦች ስለሆኑ ቁጥሮቹን ለወሎ ቤተሰብ እንዳሉ መገልበጥ አይቻልም፤ የአደጋውን ስፋት ግን ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ ፓልቢ 2፣ ቲፒ 53፣ ኤቲኤም እና ቼክ 2 የተባሉ ጂኖች አሉ። የመጀመሪያው ከብራካ ጋር የሚቀራረብ ከባድ አደጋ ያመጣል። በአውሮፓውያን ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው የቼክ 2 ጉድለት በአፍሪካውያን ላይ እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደ አያትዎ ልመለስ። ያው የ2017ቱ ጥናት ኦቫሪ በምንለው የእንቁላል ማምረቻ ላይ የሚነሳውን ካንሰርም መዝግቧል፤ እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ለብራካ 1 ተሸካሚዎች 44 በመቶ፣ ለብራካ 2 ተሸካሚዎች 17 በመቶ ነው። የኦቫሪ ካንሰር በገጠር ቤት ውስጥ ስም የለውም። ሴትየዋ እየከሳች ሆዷ ይነፋል፤ ምግብ ጥቂት ስትቀምስ ትጠግባለች፤ በመጨረሻም ሆዷ ውኃ ይቋጥራል፤ ጎረቤት «ጉበቷን ነው» ይላል፤ ሌላው «መተት ነው» ይላል፤ ለቀስተኛውም ይህንኑ ይዞ ይበተናል። ሆድ ውኃ እንዲቋጥር የሚያደርገው በእርግጥ ብዙ ነው፤ የጉበት ሕመም፣ የሆድ ዕቃ ቲቢ፣ የልብ ድካም ሁሉ ያደርጉታል። አያትዎ በምን እንደሞቱ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ነገር ግን አንዲት ልጃቸው በ41፣ ሌላዋ በ47 ዓመቷ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት በወጣትነቷ ሆዷ ውኃ ቋጥሮ መሞቷን ስሰማ፣ ይህን ዝርዝር እንደ ተራ ወሬ አልፌው መሄድ ከሙያዬ ጋር አይስማማም።

በዚህ ላይ አንድ የአቆጣጠር ጉዳይ አለ። ወሎ ውስጥ ትውልድ ሲቆጠር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ የሚሄደው በወንዶቹ በኩል ነው፤ የሴቶቹ ስም ሁለት ትውልድ ሳይሻገር ይጠፋል። እኔ እንዲቆጥሩልኝ የምፈልገው ይህን የጠፋውን ወገን ነው። የአያትዎን እህቶች፣ የእነርሱን ሴቶች ልጆች፣ የእናትዎን ወንድሞችና የእነርሱን ሴቶች ልጆች ጭምር ይዘርዝሩ፤ ማን በስንት ዓመቷ ታመመች፣ ምኗን ታመመች፣ በስንት ዓመቷ ሞተች ብለው ይጠይቁ። ጉድለቱ ለወንድም ለሴትም እኩል ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንዱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታመም ስለሚያሳልፈው፣ ወንዶች የበዙበት ቤት ንጹሕ መስሎ ይታይና ሕመሙ በልጅ ልጅ ላይ ድንገት የመጣ ይመስላል።

ወንድምዎ ስላነበቡት ነገር እውነት የሆነውን እውነት ነው ማለት ይገባኛል። ተቀባይ የምንላቸው፣ ሆርሞንና ሌሎች የዕድገት ምልክቶችን የሚቀበሉት ሦስቱም ፕሮቲኖች የሌሉበት፣ ሐኪሞች ትሪፕል ኔጌቲቭ የምንለው የጡት ካንሰር፣ በአሜሪካ በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ይህ ዓይነት ካንሰር ሆርሞንን በሚከላከል ኪኒን አይታከምም፤ ፈጥኖም ያድጋል። ነገር ግን የአሜሪካ ጥቁሮች የዘር ምንጭ በአብዛኛው ምዕራብ አፍሪካ ነው። ሊሳ ኒውማን የተባሉት አሜሪካዊት የጡት ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2019 የጋናን፣ የአሜሪካንና የኢትዮጵያን ሕሙማን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ፣ በጋናውያኑ ላይ ግማሽ ገደማ የነበረው ትሪፕል ኔጌቲቭ በኢትዮጵያውያኑ ላይ ከ5 አንድ የማይሞላ፣ ከነጮቹ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 የታተመ፣ 352 የአዲስ አበባ ሕሙማንን ዕጢ የመረመረ ጥናት ደግሞ 65 በመቶው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል። «የአፍሪካ ሴት ካንሰር» የሚባል አንድ ነገር የለም ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ ለሚለው ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ለእኛ አካባቢ ሰው በቀላሉ ይገባል። በምዕራብ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የለውም፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዋናነት በዚያ ፕሮቲን በኩል ስለሆነ በዚያ አገር ቫይቫክስ ብርቅ ነው። በእኛ አገር ግን ዳፊ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ቫይቫክስም በሐርቡና በባቲ ቆላ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ሕመም ነው። ተመራማሪዎች ዳፊን የሚያጠፋው የጂን ለውጥ በትሪፕል ኔጌቲቭ ካንሰር ከተያዙ ሴቶች ጋር በተደጋጋሚ ተያይዞ ስላገኙት፣ ፕሮቲኑ በመቆጣት ሂደትና በሰውነት መከላከያ ላይ ያለውን ሚና እየመረመሩ ነው። ምርምሩ በሂደት ላይ ስለሆነ ማንም ሰው በዳፊ ዓይነቱ የራሱን ዕጣ ሊተነብይ አይገባም፤ እኔ ያነሳሁት በአንድ አህጉር ውስጥ ያለው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማሳየት ነው። በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን የጂን ጥናትም በብዙዎቹ የአማርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ቅርስ ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ መጥቶ ከተቀላቀለ ሕዝብ የተገኘ መሆኑን ጠቁሟል።

በከባድ የጂን ጉድለቶች ረገድም ሁኔታው እንዲሁ እንደ አገሩ ይለያያል። ናይጄሪያዊቷ ሐኪም ኦሉፉንሚላዮ ኦሎፓዴ ከሜሪ ክሌር ኪንግ ጋር ሆነው ከኢባዳን የተሰበሰቡ 1,136 ሕሙማንን መርምረው በ2018 ባሳተሙት ጥናት 14.7 በመቶው የተወረሰ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል፤ 7.0 በመቶው የብራካ 1፣ 4.1 በመቶው የብራካ 2 ነበር፤ ካልታመሙት ሴቶች መካከል ግን 1.8 በመቶ ብቻ ነው የተገኘው። በባሃማስ ደሴቶች ከጡት ካንሰር ሕሙማን 23 በመቶው የብራካ ጉድለት አላቸው፤ ሕዝቡ የመጣው ከጥቂት ቤተሰቦች በመሆኑ ጥቂት የጥንት ጉድለቶች በመላው ደሴት ተሠራጭተዋል። በብራካ 1 ላይ 10 ፊደላት የተደገሙበት አንድ ጉድለት ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ በባሪያ ንግድ መርከብ አትላንቲክን ተሻግሮ ዛሬ በአሜሪካ ጥቁር ቤተሰቦች ውስጥ ይገኛል። በሌላ በኩል በ2021 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ከጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል የተወረሰ ጉድለት ያላቸው ከጥቁሮቹ 5.65፣ ከነጮቹ 5.06 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ የቆዳ ቀለም ስለ ብራካ ምንም እንደማይናገር ነው። የሚናገረው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሐረግ ነው።

ከከባዶቹ ጉድለቶች ሌላ እያንዳንዳቸው አደጋውን በጥቂቱ ብቻ የሚጨምሩ በርካታ ለውጦች አሉ። በ2011 ቴርት በተባለው ጂን አጠገብ የኤስትሮጅን ተቀባይ ከሌለው ካንሰር ጋር የተያያዘ ለውጥ የተገኘው አፍሪካዊና አውሮፓዊ ምንጭ ያላቸውን ሴቶች አብሮ በማጥናት ነበር፤ በ2024 ደግሞ 18,034 የታመሙና 22,104 ያልታመሙ አፍሪካዊ ምንጭ ያላቸውን ሴቶች ያነጻጸረ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 12 የጂን ቦታዎችን ለይቷል። ይህ ሥራ የሚያስፈልገው እስካሁን በአብዛኛው በአውሮፓውያን ላይ ተሠርቶ የቆየው፣ እነዚህን ጥቃቅን ለውጦች ደምሮ የአንዲትን ሴት አደጋ የሚገምተው ነጥብ በእኛ ላይ ሲሞከር ትክክለኛነቱ ስለሚቀንስ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ወጣትነትን በተመለከተ በሕዝባችን ዘንድ የሚነገረውን ላርም። በአገራችን የጡት ካንሰር ሕሙማን አማካይ ዕድሜ በ40ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ «የኛ ካንሰር በልጅነት ነው የሚይዘው» ይባላል። ከሕዝባችን ግማሽ የሚሆነው ከ20 ዓመት በታች በሆነበት አገር ሕሙማኑም ወጣቶች ሆነው መገኘታቸው አያስደንቅም። ስለሆነም የእናትዎ 41 ዓመት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ሁለት እህትማማቾች ሁለቱም ከ50 ዓመት በታች መታመማቸው ግን የጂን ምርመራን ለመምከር በቂ ምክንያት ነው።

አክስትዎ ቀድመው ይመርመሩ ያልኩት ከዚህ የተነሳ ነው። የጂን ምርመራ በቤተሰብ ውስጥ የጠፋን ነገር እንደመፈለግ ነው፤ ፍለጋው የሚጀመረው ነገሩ መኖሩ በይበልጥ ከሚጠረጠርበት ክፍል ነው። እርስዎ ቀድመው ተመርምረው ምንም ባይገኝ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ በቤተሰቡ ያለውን ጉድለት እርስዎ አልወረሱትም፤ ወይም በቤተሰቡ ያለው ምርመራው የማያየው ዓይነት ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። በአክስትዎ ላይ ግልጽ ጉድለት ከተገኘ ግን እርስዎ የሚመረመሩት ለዚያች አንዲት ጉድለት ብቻ ነው፤ እርሷ ከሌለችብዎ አደጋዎ ወደ ማንኛዋም ሴት አደጋ ይወርዳል፤ ልጆችዎም ከእርሷ ነፃ ናቸው። በአክስትዎ ላይ ምንም ባይገኝ ደግሞ ሥጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ክትትል ይቀጥላል። አክስትዎ ባይፈልጉ ወይም ባይችሉ እርስዎ መመርመር ይችላሉ፤ «የለም» የሚለውን ውጤት ግን እንደ ነፃ ወረቀት እንዳይቆጥሩት።

ሦስተኛ ዓይነት ውጤትም አለ፤ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ ይባላል። በጂኑ ውስጥ የተለወጠ ፊደል ይታያል፤ ጎጂ ይሁን አይሁን ግን አልተረጋገጠም። በውጭ ያሉት የመረጃ ቋቶች በአብዛኛው የተሞሉት በአውሮፓውያን ስለሆነ አፍሪካዊ ምንጭ ላላቸው ሰዎች እንዲህ ያለው ውጤት ይበዛል፤ ለእኛ የተለመደ የሆነ ልዩነት ለእነርሱ እንግዳ ሆኖ ይመዘገባልና። ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ውጤት ተደናግጦ ጡትን ወይም ኦቫሪን ማስወጣት ከባድ ስሕተት ነው፤ የሚመክርዎ ሰው ቢኖርም እሺ አይበሉ።

ወንድምዎ በፖስታ ሊልኩልዎ ስላሰቡት መመርመሪያ ደግሞ አጥብቄ ላሳስብ። ለሕዝብ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ለዓመታት ሲፈልጉ የኖሩት በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ የተለመዱትን 3 የብራካ ጉድለቶች ብቻ ነበር፤ የወሎ ቤተሰብ በዚያ ተመርምሮ «የለም» ቢባል ምንም አልተመረመረም ማለት ነው። የሚያስፈልገው ጂኖቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ፣ ተቆርጦ የጎደለን ወይም የተደገመን ክፍል ጭምር የሚፈልግ፣ በሕክምና ቤተ ሙከራ የሚሠራ ምርመራ ነው። ምርመራው በየሆስፒታላችን የሚሰጥ የተለመደ አገልግሎት ባለመሆኑ ብዙውን ጊዜ የደም ወይም የምራቅ ናሙና ወደ ሌላ አገር መላክ ይጠይቃል፤ ወንድምዎ ሊያግዙ ከፈለጉ ገንዘባቸው የሚጠቅመው ለአክስትዎ ለዚህ ቢውል ነው። ሌላም ነገር ይንገሩልኝ፤ የእናትዎ ልጅ እርሳቸውም ናቸው። በቤተሰቡ ጉድለት ካለ እርሳቸውም የመውረስ ዕድላቸው ከእርስዎ እኩል ነው፤ የብራካ 2 ጉድለት ያለበት ወንድ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ከ100 ወደ 7 የሚሆኑት ራሳቸው የጡት ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል፤ ሴት ልጅ ካላቸውም ለእርሷ ያስተላልፋሉ።

ለአክስትዎ ምርመራው ለዘመድ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም። ጉድለቱ ከተገኘባቸው የሌላኛው ጡታቸውና የኦቫሪያቸው ጉዳይ በሕክምና ዕቅዳቸው ውስጥ ይገባል፤ ኦላፓሪብ የተባለውና የብራካ ጉድለት ባለበት ካንሰር ላይ የሚሠራው መድኃኒትም ዋጋው ከፍተኛ ቢሆንም መነሳት ይችላል። ከጂኑም በፊት ግን የዕጢያቸው ናሙና የተቀባይ ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነ ይጠይቁ። «የአፍሪካ ሴት ስለሆነች ኪኒን አይሠራላትም» ተብሎ ሳይመረመር የታለፈ ካንሰር ታሞክሲፈን የሚረዳው ሊሆን ይችላል፤ ታሞክሲፈን ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ፣ ከብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነ ኪኒን ነው። ይህን ዕድል በግምት ማሳጣት ያሳዝነኛል።

የጂን ምርመራው እስኪሳካ ድረስ እርስዎ የሚጠብቁት ነገር አይኖርም። ልማዱ በቤተሰቡ በመጀመሪያ የታመመችው ካለችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ክትትል መጀመር ነው፤ ከእናትዎ 41 ዓመት 10 ሲቀነስ 31 ስለሚሆን የእርስዎ ጊዜ ደርሷል። በየ6 ወሩ ወይም ቢበዛ በየዓመቱ ጡትዎን በሰለጠነ ባለሙያ እጅ ያስመርምሩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማሞግራፊ የተባለውን የጡት ራጅ ያድርጉ። በእርስዎ ዕድሜ የጡት ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አልትራሳውንድ ቢታከልበት ይረዳል። ጉድለቱ ለተረጋገጠባቸው ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ የጡት ኤምአርአይ ይመከራል፤ ለዚያ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በመካከል የማያም እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ ወይም በብብት ሥር ዕጢ ካዩ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይምጡ። አብዛኞቹ ሕሙማኖቻችን ወደ እኛ የሚደርሱት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው፤ «አያመኝም» ብለው የተዉት እብጠት ነው የሚያመጣቸው። ዱዓውም ጠበሉም ባዮፕሲ ከምንለው የዕጢ ናሙና ምርመራ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የሚያዝ ሃይማኖት በዚህ ከተማ አላውቅም።

ኦቫሪን በሚመለከት ቀድሞ የሚይዝ አስተማማኝ ምርመራ የለም። ስለዚህ የብራካ 1 ጉድለት የተረጋገጠባት ሴት ልጅ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የብራካ 2 ከሆነ ከ40 እስከ 45 ባለው ጊዜ ኦቫሪንና ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ይመከራታል። ጡትን አስቀድሞ ማስወጣት አደጋውን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ይህ ግን የሴትየዋ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ባል ወይም ሐኪም ሊወስንላት አይገባም። ልጆችዎን አጥብተው እንደሆነ አልጻፉልኝም። ከ30 አገሮች የተሰበሰበ የ2002 ጥናት በእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት የጡት ካንሰር አደጋ በ4.3 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእናቶቻችን ሁለት ዓመት የማጥባት ልማድ ዋጋ አለው፤ ክትትልን ግን አይተካም።

ሴቶች ልጆችዎን አሁን ማስመርመር አይገባም። እነዚህ ካንሰሮች በልጅነት አይነሱም፤ በልጅነት የሚደረግላቸው ነገርም የለም። 18 ዓመት ሞልቷቸው ራሳቸው አውቀው ይወስናሉ፤ እስከዚያ ድረስ ሳይንሱም ከዛሬው ይሻላል። «ለጋብቻ ሲጠየቁ ወሬው ይደርስባቸዋል» ብለው የሚፈሩ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አልልም። የምርመራ ውጤት የተመርማሪው ምሥጢር ነው፤ ከፈቃዱ ውጭ ለእድርም፣ ለአማችም፣ ለሐኪም ዘመድም አይነገርም። ለአንድ ወገን ግን መንገር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለቱን ሊጋሩት ለሚችሉ የሥጋ ዘመዶች። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ስለ አያትዎ ሆድ ለሐኪማቸው የነገረ ሰው ቢኖር ኖሮ አክስትዎ ክትትል የሚጀምሩት ከ47 ዓመታቸው በፊት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከአክስትዎ ጋር አብረው ይምጡ። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ኬሞቴራፒ ላይ ከሆኑም የሚሻላቸውን ቀን ይምረጡ። የባዮፕሲውን ውጤት፣ የተቀባይ ምርመራው ወረቀት ካለም እርሱን ጨምረው ይያዙ፤ የእናትዎ የሕክምና ካርድ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ አይጣሉት፤ ያምጡት። ከዚያ በፊት ግን አያትዎን በመጨረሻ ዘመናቸው ያስታመሙ አንዲት አሮጊት በዘመዶችዎ መካከል ካሉ ሄደው ይጠይቋቸው፤ ሆዳቸው መንፋት የጀመረው በስንት ዓመታቸው ነበር፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ፣ ትኩሳትና ሳል ነበራቸው ወይ፣ በጡታቸውስ ላይ የታየ ነገር ነበር ወይ ብለው። የሚነግሩዎትን እንዳለ ይጻፉልኝ።